ከልጁ በፊት ወይስ ከልጁ በኋላ? በዲሲ አካባቢ ነፍሰ ጡር ሆኖ ሞርጌጅ ማውጣትና ቤት መቀየር

ቤት መግዛት ብቻውን ያደክማል። እርግዝናም ብቻውን ያደክማል። በእኛ ሰው ዘንድ ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ። አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ለዓመታት ተጣጥበው የኖሩ ባልና ሚስት፣ "በቃ ኪራይ ሰለቸን" የሚሉት ልጅ መምጣቱን ሲያውቁ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይጀመራል፤ የሐኪም ቀጠሮ፣ ኤጀንት (የቤት አሻሻጭ)፣ ሎን ኦፊሰር (የአበዳሪው የብድር ባለሙያ)፣ የሚታሸግ ዕቃ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ነው። የፌዴራል ሕጎቹ ግን በሌሎቹ ስቴቶችም ያው ናቸው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ብትከተሉ ይሻላል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን አራት።

1. ከሰፈሩም ከዋጋውም በፊት ቀኑን ወስኑ

የመውለጃ ቀኑን ካላንደር ላይ አስፍሩና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ዋጋ ተስማምታችሁ ውል ከፈረማችሁ በኋላ እስከ ክሎዚንግ (የመጨረሻው ፊርማ ተፈርሞ ቤቱ የእናንተ እስከሚሆንበት ቀን) ከ30 እስከ 45 ቀን ይፈጃል። ቤት መፈለጉ ከዚያ በፊት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከፍለጋው በፊት ደግሞ ወረቀት ማዘጋጀት አለ። ስለዚህ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር የጀመረ ሰው በሰባተኛው ወር ቁልፍ ሊረከብ ይችላል። በስድስተኛው ወር የጀመረ ሰው ግን ሩጫው ከባድ ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ክሎዚንጉ ከመውለጃው ቀን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቅደም። ካልተቻለ ልጁ ሁለት ወር ገደማ እስኪሞላው ይቆይ። መሐል ላይ ያለውን ጊዜ እርሱት። ከ37ኛው ሳምንት በኋላ ልጁ በማንኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል። ክሎዚንግ ደግሞ በአንድ ወረቀት ምክንያት ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት መንሸራተቱ የተለመደ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ላይ ከተገናኙ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

"ወለዱ ሊጨምር ነው፣ ቶሎ ግቡ" የሚል ኤጀንት አይጠፋም። ወለድ ይወጣል፣ ይወርዳል። አራስ ቤት ግን አንዴ ነው።

የኪራይ ውላችሁንም አሁኑኑ አንብቡ። ብዙ አከራዮች የ60 ቀን ማስታወቂያ ይፈልጋሉ። ውሉ ካለቀ በየወሩ የሚታደስ እንዲሆን ጠይቁ። ከቻላችሁ አሮጌውና አዲሱ ቤት ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይደራረቡ። ድርብ መክፈል ያማል፤ ግን ነፍሰ ጡር ሰው በአንድ ቅዳሜ ቤት ለቅቆ በዚያው ቀን ሌላ ቤት መግባት የለበትም።

2. ብድሩ በማን ገቢ እንደሚወጣ ተነጋገሩ

ብዙ ሰው ሁለቱም መፈረም ግዴታ ይመስለዋል። አይደለም። የአንዳችሁ ደመወዝ ብቻውን የሚበቃ ከሆነ ብድሩን በእሱ ስም ብቻ ማውጣት ይቻላል። የቤቱ ባለቤትነት ላይ ግን ሁለታችሁም መስፈር ትችላላችሁ። በሦስቱም ቦታዎች ባልና ሚስት ቤቱን በጋራ፣ አንዱ ሲሞት ሙሉ በሙሉ ለሌላው እንዲያልፍ አድርገው መያዝ ይችላሉ። የባለቤትነት ወረቀቱን ለሚያዘጋጀው ድርጅት "ሁለታችንም ታይትሉ ላይ እንሁን" በሉ። ሚስት በወሊድ ምክንያት ከብድሩ ወጥታ ከባለቤትነቱም አብራ የወጣችበት ቤት አያምርም።

በአንድ ሰው ገቢ መሄድ የሚጠቅመው እናቲቱ ከወለደች በኋላ ለረዥም ጊዜ ቤት ለመዋል ካሰበች ነው። "እመለሳለሁ" ብሎ መፈረምና አለመመለስን አስቀድሞ ማሰብ በሞርጌጅ ማመልከቻ ላይ ሐሰት መጻፍ ነው። በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል።

ባል ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ አንድ ጣጣ አለ። አበዳሪው የሚያየው መኪናው ያስገባውን ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን ታክስ ሪተርኑ ላይ ከወጪ በኋላ የቀረውን ነው። ባብዛኛው የሁለት ዓመት ሪተርን ይጠየቃል። ታክስ ለመቀነስ የነዳውን ማይል ሁሉ በወጪነት ያስመዘገበ ሰው ወረቀት ላይ ድሃ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔ አለው፤ ከማይሉ ቅናሽ ውስጥ የመኪናው የእርጅና ድርሻ ተመልሶ ገቢ ላይ ሊደመር ይችላል። ሎን ኦፊሰሩ በራሱ ካላነሳው እናንተ ጠይቁት። ካላወቀው ሌላ ፈልጉ።

3. የወሊድ ፈቃዱን በወረቀት አዘጋጁ

ሰው በጣም የሚፈራው ይህን ነው። "ማርገዜን ቢያውቁ ብድሩን ይከለክሉኛል" ይባላል። ሕጉ ግን ከእናንተ ጋር ነው።

አበዳሪ ልጅ ለመውለድ ታስቡ እንደሆነ፣ ወሊድ መከላከያ ትጠቀሙ እንደሆነ መጠየቅ አይችልም። የሚጠይቀው አሁን በእናንተ ስለሚተዳደሩ ጥገኞች ነው። ማመልከቻው ላይ "ነፍሰ ጡር ነሽ?" የሚል ቦታ የለም። ፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕጉም ከ1988 ማሻሻያ ወዲህ ነፍሰ ጡሮችንና ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦች ይጠብቃል። ወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆነች ብቻ "ሥራ ስትመለሺ ነይ" ብሎ ብድር ማዘግየት የተከለከለ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በ2014 ዌልስ ፋርጎ በዚሁ ጉዳይ ከቤቶች ሚኒስቴሩ ከሀድ ጋር በ5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ስላለ ወረቀቱ አይቀርም። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ክሎዚንጉ ፈቃዱ ከመጀመሩ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ገቢዋ እንደ ወትሮው ይታያል። ክሎዚንጉ ላይ ፈቃድ ላይ የምትሆን ከሆነ ግን መደበቅ አያዋጣም። አበዳሪው ከክሎዚንጉ በፊት ባሉት 10 የሥራ ቀናት ውስጥ መሥሪያ ቤት ደውሎ መሥራቷን ያጣራል። ኤችአር "ፈቃድ ላይ ናት" ሲል ያኔ የሚፈጠረው ግርግር ክሎዚንጉን ያዘገያል። አስቀድማችሁ ሁለት ወረቀት ስጡ፤ አንደኛው ከመሥሪያ ቤት፣ ፈቃዱ የሚጀምርበትንና የምትመለስበትን ቀን የሚገልጽ። ሁለተኛው በእሷ ፊርማ፣ በዚያ ቀን ለመመለስ ማሰቧን የሚገልጽ።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት። በፋኒ ሜ (ከአበዳሪዎች የቤት ብድር የሚገዛው ድርጅት) መመሪያ፣ የመጀመሪያው የሞርጌጅ ክፍያ እስከሚደርስበት ቀን ሥራ ከተመለሰች ሙሉ ደመወዟ ይቆጠራል። ካልተመለሰች የሚቆጠረው በፈቃዱ ወቅት ከምታገኘውና ከመደበኛው ደመወዟ አነስተኛው ነው። የፈቃዱ ክፍያ ካነሰ፣ ከዳውን ፔይመንቱና ከክሎዚንግ ወጪው የሚተርፍ ቁጠባ ሊያሟላው ይችላል።

የመጀመሪያው ክፍያ የሚደርሰው ክሎዚንጉ ካለፈ በኋላ አንድ ሙሉ ወር ቆጥሮ በተከታዩ ወር 1 ላይ ነው። ምሳሌ እንይ። ልጁ የሚጠበቀው ኤፕሪል 10 ነው እንበል። ፈቃዱ 12 ሳምንት ነው፤ ሥራ የምትመለሰው ጁላይ 3 ነው። ሜይ 20 ክሎዝ ካደረጋችሁ የመጀመሪያው ክፍያ ጁላይ 1 ነው። በሁለት ቀን አመለጣችሁ፤ ደመወዟ በሙሉ አይቆጠርም። ክሎዚንጉን ወደ ጁን 2 ብታሸጋግሩት ግን የመጀመሪያው ክፍያ ኦገስት 1 ይሆናል። ሙሉ ደመወዟ ተቆጠረ። ሁለት ሳምንት እንኳን ያልሞላ ልዩነት ብድሩን ሊያስገኝም ሊያሳጣም ይችላል። ስለዚህ ውል ላይ ቀን ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ስሌት ከሎን ኦፊሰሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሥሩት።

የፈቃዱ ክፍያ ስንት እንደሆነም እወቁ። የፌዴራሉ ሕግ 12 ሳምንት ይሰጣል፤ ግን ክፍያ የለውም። መሥሪያ ቤቱ 50 ሠራተኛ ሊኖረው፣ እሷም 12 ወርና 1,250 ሰዓት የሠራች ልትሆን ይገባል። ዲሲ ውስጥ በግል ድርጅት የምትሠሩ ግን የከተማው የቤተሰብ ፈቃድ አለላችሁ፤ ለወላጅ 12 ሳምንት በክፍያ፣ ከወሊድ በፊት ለሐኪም ቀጠሮና ለመሳሰለው ደግሞ 2 ሳምንት። የሚታየው የሥራ ቦታው ነው። ቤታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቢሆንም ይሠራል። ይህን ሳያውቅ ያለ ክፍያ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነው። የሜሪላንዱ ተመሳሳይ ፕሮግራም ወደ 2028 ተገፍቷል።

"ስትመለሺ ነይ" ከተባላችሁ ደግሞ መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ብቻውን ሐሳባቸውን ያስቀይራቸዋል። ካልሆነ በ1-800-669-9777 ለሀድ አቤት ማለት ይቻላል። በነፃ ነው፤ ጊዜው አንድ ዓመት ነው።

4. ገንዘቡን አስተካክሉ፣ በተለይ የዕቁቡን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛን ሰው ብድር ከሚያጓትቱት ነገሮች አንዱ ዕቁብ ነውና።

አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ያያል። በአንድ ጊዜ የገባ ትልቅ ገንዘብ ካየ "ከየት መጣ?" ይላል። በፋኒ ሜ መመሪያ ትልቅ የሚባለው ለብድሩ ከተቆጠረው የወር ገቢያችሁ ግማሽ የሚበልጥ ነው። በወር 7,000 ዶላር ለሚያገኝ ቤተሰብ ከደመወዙ ሌላ በአንድ ጊዜ የገባ ከ3,500 በላይ የሆነ ገንዘብ ያስጠይቃል። የ24,000 ዶላር ዕቁብ እንደማያመልጥ ግልጽ ነው።

የተሻለው መንገድ ዕጣውን ቀድሞ መውሰድ ነው። ለዳኛው ንገሩት፤ ልጅና ቤት አብሮ የመጣበትን ሰው ቅድሚያ የሚከለክል የዕቁብ ማኅበር ብዙ አላየሁም። ገንዘቡ ከማመልከቻው በፊት ሁለት ሙሉ የስቴትመንት ወር ባንክ ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ዕጣውን ቀድማችሁ ከወሰዳችሁ ቀሪው የወር መዋጮ ዕዳ ነው። ከተጠየቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። የወር በጀታችሁ ላይም አስገቡት።

ዕጣው የሚወጣው ዘግይቶ ከሆነ ደብዳቤ አዘጋጁ። ዳኛውና ጸሐፊው የአባላቱን ብዛት፣ የወሩን መዋጮና የእናንተን ተራ ጽፈው ይፈርሙ። ከሱ ጋር በየወሩ የላካችሁበትን የዜል ወይም የቼክ ማስረጃ አያይዙ። አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ አይቀበልም። ካልተቀበለ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ያ ገንዘብ ከሀብታችሁ ላይ ተቀንሶ መታየቱ ነው። ቀሪው ከበቃችሁ ብድሩ ይቀጥላል።

በጥሬው የተቀበላችሁትን ደግሞ "ከ10,000 በታች እያደረግን እናስገባ" አትበሉ። ባንኩ ስለ ትልቅ ጥሬ ገንዘብ ለመንግሥት ከሚልከው ሪፖርት ለማምለጥ ገንዘብ ከፋፍሎ ማስገባት ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም። በአንዴ አስገቡት፣ ባንኩ ፎርሙን ይሙላ፣ አለቀ።

ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ፣ "መልሱልኝ አልልም" የሚል ደብዳቤ ይፈልጋል። ከሰጪው ሒሳብ የወጣበት ማስረጃም ይታያል። ፋኒ ሜ ከሥጋ ዘመድ ሌላ የክርስትና አባትና እናትንም ይቀበላል። ከአገር ቤት የሚላክ ከሆነ ወረቀቱና ትርጉሙ ጊዜ ስለሚወስድ በጣም ቀድማችሁ ጀምሩ።

በግሪን ካርድ ሳይሆን በሥራ ፈቃድ ብቻ የምትኖሩ፣ 3.5 ከመቶ ቅድሚያ የሚጠይቀው፣ በመንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የኤፍኤችኤ ብድር ከሜይ 2025 ወዲህ ስለማይሠራላችሁ ሎን ኦፊሰሩን ስለ ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና ስለሌለው ብድር) ጠይቁ። ወለድ ለማትወስዱ ሙስሊም ወገኖች ደግሞ እዚሁ ሬስተን፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው ጋይዳንስ ሬዚደንሻል አለ።

5. ባንኩ ከሰጣችሁ ቁጥር ላይ ዴይኬር ቀንሱ

ባንኩ "በወር 3,900 ዶላር መክፈል ትችላላችሁ" ሊል ይችላል። ያየው ገቢያችሁንና ዕዳችሁን ነው። ዴይኬር በኮንቬንሽናልም በኤፍኤችኤም ስሌት ውስጥ ዕዳ ተብሎ አይቆጠርም። ለወታደሮች የሚሰጠው የቪኤ ብድር ብቻ ነው የልጅ መያዣውን ወጪ የሚያየው። በዚህ አካባቢ ለጨቅላ ሕፃን ዴይኬር በወር 2,000 ዶላር ገደማ፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በላይ ነው። ባንኩ ስላላየው ወጪው አይቀርም።

"እማማ መጥተው ይይዙልናል" የሚለው ዕቅድ ጥሩ ነው፤ በጀት ግን አይሠራበትም። ቪዛው ሊከለከል ይችላል። ቢሰጥም ጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት እስከ ስድስት ወር ነው። እማማ ከመጡ የተረፈውን ቁጠባ አድርጉት።

ለራሳችሁ ፈተና አድርጉ። አሁን የምትከፍሉት ኪራይ 2,300 ነው፣ አዲሱ ክፍያ ከግብርና ከኢንሹራንስ ጋር 3,500 ይሆናል፣ ዴይኬሩ 2,000 ነው እንበል። ልዩነቱ 3,200 ዶላር ነው። ይህን ገንዘብ ለሦስት ወር በየወሩ ወደ ሌላ ሒሳብ አዙሩት። ከቻላችሁ ቤቱን ትችሉታላችሁ፤ 9,600 ዶላርም ተቀምጦላችኋል። ካልቻላችሁ አነስ ያለ ቤት ፈልጉ። አገር ቤት የምትልኩትንም እንዳትረሱ፤ ልጅ ተወለደ ብሎ ያ አይቆምም።

ለመጀመሪያ ቤት ገዢ የሚሰጥ ድጋፍም አለ። ዲሲ ኤችፓፕ በሚባለው ፕሮግራም ብቁ ለሆነ ሰው እስከ 202,000 ዶላር ያበድራል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ግን የገዢዎች ትምህርት መውሰድና ተራ መጠበቅ አለው። በሦስተኛው ወር ላይ ካላችሁ ሞክሩት። በሰባተኛው ወር ላይ ካላችሁ ተዉት።

6. ቤቱን በአራስ ዓይን እዩት

ከኦገስት 2024 ወዲህ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ገዢው ውል ይፈርማል። ዘመድ ቢሆንም አንብቡት። የውሉ ጊዜ አጭር ይሁን፤ ዕቅዳችሁ በልጁ ምክንያት ሊቀየር ይችላል።

ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ኩሽናውን ከማድነቃችሁ በፊት ደረጃውን ቁጠሩ። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት በቀን ስንት ጊዜ ትወጣለች፣ ትወርዳለች? ምድር ቤቱ ላይ ወይም ሳሎኑ ባለበት ፎቅ ላይ መኝታና ሙሉ መታጠቢያ ያለው ቤት ለአራሷም፣ ጉልበት ለሚያማቸው እማማም ይሆናል።

ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ የእርሳስ ቀለም ሊኖር ይችላል። ሻጩ የሚያውቀውን በጽሑፍ የመንገር ግዴታ አለበት፤ ለማስመርመርም 10 ቀን ይሰጣችኋል። እርሳስ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም መፋቅ፣ ግድግዳ መሸርሸር፣ መስኮት መንቀል ነፍሰ ጡር ባለችበት አይደረግም። የሚሠራውም ለዚህ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን። ዲሲ ውስጥ የቆዩ ሰፈሮች ላይ የእርሳስ የውኃ ቧንቧም አለ። ውኃ ማፍላት እርሳስን አያጠፋም። ለእርሳስ የተመሰከረለት ማጣሪያ ግጠሙ፤ የሕፃን ወተት በሱ ውኃ ይበጠበጥ።

ውሉ ላይ የኢንስፔክሽንና የብድር መውጫ ሐረጎችን (ቤቱ ሲመረመር ችግር ቢገኝ ወይም ብድሩ ባይሳካ ከውሉ የሚያስወጧችሁን) አታስወጡ። "ሌላ ገዢ አለ፣ እነዚህን ተዉ" ይባላል። ልጅ ለሚጠብቅ ሰው ቅድሚያ የከፈለው ገንዘብ ሊቃጠል አይገባም። ሻጩ ከክሎዚንግ በኋላ "ለ60 ቀን ተከራይቼ ልቆይ" ካለም ከካላንደራችሁ ጋር አስተያዩት። እናንተ ቁልፍ የምትረከቡት በዘጠነኛው ወር ሊሆን ነው።

7. ውል ከተፈረመ እስከ ክሎዚንግ፦ ምንም አትግዙ

የሕፃን ዕቃ የሚገዛው በዚህ ወቅት ስለሆነ ፈተናው ለእናንተ ይበዛል። ሰፊ መኪና በብድር አትግዙ። ለሕፃን አልጋና ለሶፋ ብላችሁ የሱቅ ክሬዲት ካርድ አትክፈቱ። ሥራ አትቀይሩ። ለማንም ዋስ አትሁኑ። አልጋውና ጋሪው ከቤቢ ሻወሩ ይምጣ፤ ሶፋው ከክሎዚንጉ በኋላ ይደርሳል።

ውክልና የሚዘጋጀውም አሁን ነው። ምጥ ከክሎዚንጉ ጋር ቢገናኝ አንዳችሁ ለሌላው የሚፈርምበት፣ ለዚህ ቤት ብቻ የሚያገለግል፣ አድራሻው የተጻፈበት ውክልና ይሁን። አበዳሪው አስቀድሞ ካላጸደቀው አይሠራም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ላኩለት። ዋናውን ቅጂ ያዙ። ክሎዚንግ ላይ የሚከፈለውን ሁሉ የሚዘረዝረው ሰነድ ከሦስት የሥራ ቀን በፊት ይደርሳችኋል። ከመጀመሪያው ግምት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት።

8. ፖቶማክን ከመሻገራችሁ በፊት የጤና መድኑን አጣሩ

ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ መሄድ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ለሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ለሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ግን ሌላ አገር ማለት ነው። አብሯችሁ አይሄድም፤ በአዲሱ ቦታ እንደገና ማመልከት አለባችሁ። በመድን ገበያው (ማርኬትፕሌስ) የገዛችሁት መድንም እንዲሁ በየስቴቱ የተለየ ነው። ስለዚህ ስቴት የምትቀይሩ ከሆነ ሐኪሙንና ሆስፒታሉን መቀየር ይከተላል። ብዙ ሐኪሞች ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት የመጣች አዲስ ነፍሰ ጡር ለመቀበል ያመነታሉ። በሰባተኛው ወር ወይም ከዚያ በኋላ የምትገቡ ከሆነ እዚያው ስቴት ውስጥ ብትገዙ እመርጣለሁ። መድናችሁ በመሥሪያ ቤት በኩል ከሆነና የሚቀበላችሁ ሆስፒታል ካልተቀየረ የድሮውን ሐኪም ያዙ። መንገዱን ግን በሥራ መውጫ ሰዓት ነድታችሁ ለኩት። ቀለበት መንገዱ ላይ 20 ደቂቃ የሚባለው እንዴት እንደሚያድር ታውቁታላችሁ።

9. ዕቃ የሚነሣበት ቀን

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ዕቃ የሚጭን ድርጅት ስቴት ስለሚሻገር የፌዴራል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ (የዶት) ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ጠይቁት፣ በኢንተርኔት አጣሩት። ዕቃውን ጭኖ ዋጋ የሚጨምር ጫኝ አለ። ጓደኛ ጠርቶ ትራክ መከራየትም ጥሩ ነው፤ ምሳና ቡና ብቻ ይጠይቃል።

ነፍሰ ጡሯ ካርቶን አታነሣም። ስኳር ዕቃውን "ቀላል ነው" ብላ አታነሣም። ወንበር ላይ ተቀምጣ "ይሄ ላይ ፎቅ፣ ያ ኩሽና" ትበል፤ እሱም ሥራ ነው። የልጁ ክፍል የሚቀባ ከሆነ እሷ ከመግባቷ ቀናት በፊት ተቀብቶ ይናፈስ።

ትራክ ላይ የማይጫኑ ነገሮች አሉ፦ የሆስፒታል ቦርሳው፣ የሕፃኑ የመኪና ወንበር፣ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የክሎዚንግ ሰነድ። እነዚህ በራሳችሁ መኪና ይሂዱ። አንድ ካርቶን ደግሞ "አራስ" ብላችሁ ጻፉበትና መጨረሻ ላይ ጫኑት፣ መጀመሪያ ይወርዳል። የገንፎ ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ አብሹ፣ ረከቦቱና ጀበናው እሱ ውስጥ ይሁኑ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊል የሚመጣው ሰው ካርቶኑ እስኪፈታ አይጠብቅም።

በገባችሁበት ቀን የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎቹን ሞክሩ። የውኃ ማሞቂያውን ወደ 120 ፋራንሃይት ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል።

10. ከገባችሁ በኋላ የማያድሩ ወረቀቶች

ዜጋ ያልሆናችሁ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለዩኤስሲአይኤስ ማስታወቅ አለባችሁ። ግሪን ካርድ ያላቸውም ጭምር። በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ለፖስታ ቤት ብቻ መንገር አይበቃም።

ልጁ እንደተወለደ መድን ውስጥ የማስገቢያው ጊዜ በመሥሪያ ቤት በኩል ብዙ ጊዜ 30 ቀን፣ በገበያው በኩል 60 ቀን ነው። እንግዳ ሲገባ ሲወጣ 30 ቀን ሳይታወቅ ያልፋል። ይህን ሥራ ለአባትየው ስጡት።

ሆስፒታል ውስጥ የልደት ወረቀት ስትሞሉ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርም አብሮ ይጠየቃል። ካርዱ በፖስታ ስለሚመጣ የድሮውን አድራሻ በልማድ እንዳትጽፉ። በዲሲና በሜሪላንድ ደግሞ ለምትኖሩበት ቤት የንብረት ግብር ቅናሽ አለ፤ አንዴ ማመልከት ይጠይቃል። ክሎዚንጉ ላይ ፎርሙ ካልተሰጣችሁ ራሳችሁ አመልክቱ፤ ብዙ ሰው ሳያመለክት ለዓመታት ይከፍላል።